ቅጠሉን አርግፎ የማያብብ ሐረግ

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት በፊት ለገጣፎ በሚገኘው ግቢዬ ከዘር ያበቀልኩት ዊስቴሪያ የተባለ የአበባ ሐረግ እስከ ቆርቆሮ ጣራው ቢወጣም፣ በየክረምቱ ፍግ ባበዛለትም አንድ አበባ አላሳየኝም፤ በበጋ ደግሞ ቅጠሉን ያረግፋል። ደርቆብኝ ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ቅጠል ማርገፉ ጠባዩ ነው፤ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ከዘር የበቀለ ዊስቴሪያ ለማበብ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ስለሚችል፣ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ካበበ ሐረግ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተባዛ ችግኝ ይሻለዋል። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ፍጉ ነው፤ ተክሉ ከባቄላና ከአተር ወገን በመሆኑና ቅጠል የሚያፋፋውን ናይትሮጅን የተባለ ምግቡን በሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ስለሚያገኝ፣ ፍግ ሲጨመርለት ቅጠልና ሐረግ ከማብዛት በቀር ወደ አበባ አያዘነብልም። ስለዚህ ፍጉን ይተዉት። ክረምቱ ሲወጣ የዓመቱን ረጃጅም ሐረጎች አምስት ስድስት ቅጠል አስቀርተው ይግረዙ፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ እነዚያኑ ሁለት ሦስት እምቡጥ እስኪቀር ያሳጥሯቸው። ወፍራሙ እምቡጥ የአበባ፣ ቀጭኑና ሹሉ የቅጠል ነው። ከቆርቆሮው ሥር የገባ ሐረግ ካለ እየወፈረ ጣራውን ስለሚያነሳው ሳይውል ሳያድር ያውጡት። ሲያፈራም ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳይቀምሱት ይጠንቀቁ።