“ጥፋቱ የኔ ነው” ብላችሁ ዝም አትበሉ

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ የደረሱ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በሥራ ላይ ስለደረሰ ጉዳት ናቸው። ጣት የተቆረጠበት፣ እግሩ የተሰበረ፣ ፊቷ በዘይት የተቃጠለ። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ገና ሲጀምሩ “ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው እንጂ” ወይም “ጥፋቱ የኔ ነው ግን” ይላሉ። እባካችሁ ይህቺን ቃል ለጊዜው ተዋት። ለምን እንደምል ከመጀመሪያው መልስ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ እንጨት ቤት ነው የምሠራው። ስምንት ወር ሆኖኛል። በሰርኩላር ጣውላ ስሰነጥቅ ሁለት ጣቴን ቆረጠኝ። የማሽኑ መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተነቀለ ቆይቷል። አለቃዬ የመጀመሪያውን ቀን ሕክምና ከፈለ፣ ከዚያ በኋላ “ራስህ ነህ ያጠፋኸው” ብሎ ስልክ አያነሳም። የሥራ ውል የለኝም፣ ደመወዜም በየሳምንቱ በእጄ ነበር። መብት አለኝ? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ አለህ ወንድሜ፣ ያውም ሙሉ መብት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 የሚለው ግልጽ ነው። አሠሪ በሠራተኛው ላይ በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ስለዚህ “ጥፋቱ የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ መነሻው ላይ ቦታ የለውም። አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ሕጉ እንደዚያ የሚቆጥራቸውን ሁለት ነገሮች በስም ጠርቷል፦ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር በማያስችል ስካር ሥራ መግባት። አንተ ሰክረህ አልነበርክም። መመሪያ የሚባል ነገርም ቢሆን አንድ ቀን “ተጠንቀቅ” ተብሎ የተጣለ ቃል አይደለም፤ አሠሪው መመሪያ ሰጥቻለሁ ካለ ያሳይ።

መከለያውን በተመለከተ ነገሩ እንዲያውም ወደ እሱ ይዞራል። ማሽኑ ያለ መከለያ እንደሚሠራ በየቀኑ እያየ ዝም ካለ፣ ይህ የአሠሪው ጥፋት ነው። ጥፋት ሲኖር ደግሞ በአዋጁ ከምታገኘው ሌላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ ትችላለህ። ማሽኑን ዛሬውኑ ፎቶ እንዲያነሳልህ ጓደኛህን ለምነው። ነገ መከለያው ተገጥሞ ልታገኘው ትችላለህና።

ውል የለኝም ያልከው ብዙዎችን የሚያስፈራ ነገር ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ በአዋጁ የተሰጠህን መብት አያሳጣህም። አብረውህ የሚሠሩ ልጆች ምስክር ናቸው። አለቃህ “ነገ በጊዜ ና” ብሎ የላከልህ መልእክት ማስረጃ ነው። በቴሌብር አንድ ሁለቴ ልኮልህም ከሆነ ያም ማስረጃ ነው። ስልክህን አትቀይር፣ መልእክት አታጥፋ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ነገ ሳትል አድርግ። ሐኪም ቤት ሄደህ ካርድህ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብብ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። ላብ በልቶት ቀለሙ ደብዝዟል። እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ እኔው ነበርኩ የዘረጋሁት። ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በሚገልጸው ቦታ ላይ “ቤት ውስጥ ወድቆ” ይላል። ሰውየው የተጎዳው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሱ ራሱን ስቶ ነበርና ለነርሷ ታሪኩን የነገረው ያደረሰው የሺፍት ኃላፊ ነው። ያቺን አንድ መስመር ለማስተባበል ስንት ምስክር እንዳስፈለገ አልረሳውም። እናንተም የተጎዳ ጓደኛችሁን ስታደርሱ አብራችሁ ግቡ፤ “በሥራ ላይ፣ በዚህ ማሽን” ብላችሁ አስጽፉ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ እግሬ ላይ ወድቆ ተሰበርኩ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ ከፈሉኝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ። አሁን አራተኛ ወሬ ነው፣ “የሕመም ፈቃድሽ የሚከፈልበት ጊዜ አልቋል” ብለው ምንም አልሰጡኝም። ትክክል ናቸው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደሉም እህቴ። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ሌሎቻችሁም በደንብ አንብቡት።

የተከፈለሽ በሕመም ፈቃድ ስሌት ነው። የመጀመሪያው ወር 100 በመቶ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት 50 በመቶ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ግን ሕጉ የሕመም ፈቃድን ሲፈቅድ “ከሥራ ጉዳት ውጪ” በሆነ ሕመም ብሎ ነው። አንቺ ጉንፋን ይዞሽ አልቀረሽም፤ እግርሽ የተሰበረው ሥራ ላይ ነው። የሥራ ጉዳት የራሱ ክፍያ አለው። ከጉዳቱ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ። በአጠቃላይ እስከ አንድ ዓመት ድረስ። ከዚያ በፊት ድነሻል ብሎ ሐኪም ካረጋገጠ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ማግኘት ከጀመርሽ ግን ይቆማል።

በብር እንየው። ደመወዝሽ 4,000 ብር ነው እንበል። በሦስት ወር የሰጡሽ 4,000 ሲደመር 2,000 ሲደመር 2,000፣ ማለትም 8,000 ነው። መክፈል የነበረባቸው 12,000። የአራተኛው ወር ደግሞ ቢያንስ 3,000። ስለዚህ እስካሁን ቢያንስ 7,000 ብር አለሽ። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ ክራንች ካስፈለገሽ የክራንቹም ወጪ የአሠሪው ስለሆነ ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። አጭር ደብዳቤ ጻፊና “ፈቃዴ የሥራ ጉዳት ሆኖ ይስተካከልልኝ” በዪ፤ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ፈርሞ ማኅተም እንዲያደርግልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለማኅበሩ፣ ከሌላችሁ በአካባቢሽ ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ተቆጣጣሪ አመልክቺ። የደመወዝ ነክ ጥያቄ ጊዜው አጭር ነውና አትቆዪ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መኪና ተጋጭቶ ትከሻዬ ወለቀ። ይሄ የሥራ ጉዳት ይባላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በምን እንደሄድክ ይወስነዋል። በድርጅቱ ሰርቪስ ወይም ድርጅቱ ለሠራተኞች ማመላለሻ ብሎ በተከራየው መኪና ከሆነ አዎ፣ ይባላል። ራስህ ከፍለህ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍረህ ከሆነ ግን በመርህ ደረጃ አይባልም፤ ያኔ የምትሄደው ወደ መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አለቃህ ልኮህ በመንገድ ላይ ከነበርክ ደግሞ ከሥራ ቦታና ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሆንም ጉዳቱ የሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቀን ሥራ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ ሞተብኝ። ሚስትና የአራት ዓመት ልጅ ትቷል፣ እኔንም የሚጦረኝ እሱ ነበር። አሠሪዎቹ ለቅሶ መጥተው ገንዘብ ሰጥተውናል። ከዚያ በላይ መጠየቅ ነውር ይሆን? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነውር የለበትም። ለቅሶ ላይ የተሰጠው የሰብዓዊነት ነው፣ የሕጉ ደግሞ ሌላ ነው። የልጅዎ ልጅ ማደጊያ ነውና ይጠይቁ።

ልጅዎ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥለት ከነበረ ጉዳዩ የሚታየው በጡረታ ሕጉ ነው፤ ወደ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይሄዳሉ። በቀን ሥራ ላይ እንደሚበዛው መዋጮም ኢንሹራንስም ካልነበረው ግን አሠሪው ራሱ የአምስት ዓመት ደመወዙን ይከፍላል። ከዚህ ላይ ሚስቱ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጁ 10 በመቶ፣ በእሱ ይጦሩ የነበሩት እርስዎም 10 በመቶ ድርሻ አላችሁ። የቀብር ወጪም የአሠሪው ነው። ከምራትዎ ጋር አብራችሁ ሂዱ፣ ተለያይታችሁ አይደለም። ስንት ይከፈለው እንደነበር የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦቹን ስምና ስልክ አሁኑኑ ያስጽፉ፤ የቀን ሠራተኛ ከአንዱ ሳይት ወደ ሌላው ይበተናል፣ ከሦስት ወር በኋላ አያገኟቸውም። ደመወዙን ይከፍለው የነበረው ካቦው ይሁን ሰብ ኮንትራክተሩ ወይስ ዋናው ተቋራጭ፣ እሱንም ይጠይቋቸው። ወረቀት አምጥተው “እዚህ ላይ ይፈርሙ” ካሉዎት ሰው ሳያነብልዎት አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ኩሽና ውስጥ የፈላ ዘይት ፊቴንና አንገቴን አቃጠለኝ። ሥራ ተመልሻለሁ፣ ጠባሳው ግን አልጠፋም። “እየሠራሽ ስለሆነ ካሳ የለሽም” አሉኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን የነገረሽ ሰው ሕጉን አላነበበውም። አዋጁ የመሥራት ችሎታን ባይቀንስ እንኳ የሰውነትን ወይም የመልክን ገጽታ ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት እንደሚቆጠር ይናገራል። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት የሚገባቸውን ሳያገኙ ሲቀሩ አይቻለሁና እባክሽ አትተዪው። ፊት ለሰው የሚታይ ነገር ነው፤ ሥራም የሚገኘው በእሱ ነው።

የሕክምና ቦርድ ቅረቢ። ጉዳቱን በመቶኛ የሚወስነው ቦርዱ እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። ቦርዱ 20 በመቶ ሰጠሽ እንበል፣ ደመወዝሽ በወር 6,000 ብር ነው፣ ጡረታም ኢንሹራንስም የለሽም። የዓመት ደመወዝሽ 72,000፣ አምስት ዓመቱ 360,000፣ የዚህ 20 በመቶ ደግሞ 72,000 ብር ነው። ጠባሳው ከተባባሰ ወይም ውሳኔው ስህተት አለው ካልሽ እንደገና እንዲታይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሥራ በስምምነት እናቋርጥ ብለው “ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ወረቀት ቢያስፈርሙሽም፣ በእንዲህ ያለ ስምምነት ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መብት መተዉ ውጤት የለውም። ቢሆንም አትፈርሚ፣ መልሶ ማስረዳቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ከተጎዳሁ አሥር ወር አልፎኛል። ሽማግሌ ገብቶ “እንከፍልሃለን፣ ታገስ” እያሉኝ ነው። ጠበቃ የመክፈል አቅም የለኝም። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከዚህ በላይ አትታገስ። ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር በሥራ ግንኙነት ላይ የተመሠረተ ክስ በአንድ ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ሽማግሌ መቀመጡ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ ወይም ደግሞ አሠሪው ክፍያው እንደሚገባህ በግልጽ ማመኑ። ስለዚህ “እንከፍልሃለን” የሚለውን በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው። እውነት ሊከፍሉ ከሆነ ለመጻፍ አይከብዳቸውም። ካልጻፉልህ በዚሁ ሳምንት ክሱን አስገባ፤ ሽምግልናው ፍርድ ቤት ከገባ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ገንዘብ አያስፈራህ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ለፌዴራሉ። ሕጉ በ60 ቀን እንዲወሰን ያዛል፣ በተግባር ሊረዝም ቢችልም። ያለ ጠበቃ ራስህ መቅረብ ትችላለህ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ስትሄድ የሕክምና ካርድህን፣ የቦርድ ውሳኔ ካለህ እሱን፣ የደመወዝህን ማስረጃና የምስክሮችህን ስም ያዝ። ሁለት ሁለት ኮፒ አድርገህ ሂድ፣ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጥ።