ራስት ለሊኑክስ ድራይቨር ምን ጨመረ? ጥያቄና መልስ

በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ራስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያንቀሳቅስ ኮድ) መጻፍ ከተቻለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፦ በሲ ቋንቋ የለመድነው ምን ጎደለውና? እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የድሮው የድራይቨር ሞዴል ሊቀር ነው?

መልስ፦ ኧረ የለም። ፕሮቡም (ዴቫይሱ ሲገኝ የሚጠራው ፈንክሽን)፣ ሪሙቩም (ሲነሳ የሚጠራው)፣ ባሱም (ዴቫይሱን ከድራይቨሩ የሚያገናኘው) ባሉበት አሉ። የራስቱ ክፍል በላያቸው የተደረበ ሽፋን ነው። መሠረቱ በ2022 መጨረሻ በከርነል 6.1 ገባ፤ የመጀመሪያው ድራይቨር፣ ለአሲክስ የኔትወርክ ቺፕ የተጻፈ ትንሽ ኮድ፣ በ2024 በ6.8 ተከተለ።

ጥያቄ፦ ፕሮብ መሀል ላይ ሲከሽፍ የያዝኩትን ሁሉ በጎቱ (ወደ ሌላ መስመር በሚዘልለው የሲ ትዕዛዝ) እየለቀቅኩ መመለስ ሰልችቶኛል። ልቀይር?

መልስ፦ ለዚህ ብቻ ከሆነ አትድከም። ዴቭኤም የሚባሉት ፈንክሽኖች ከ2007 ጀምሮ አሉ፤ ሜሞሪውንና ኢንተራፕቱን (ሃርድዌሩ ሲፒዩውን የሚጠራበትን ምልክት) ከዴቫይሱ ጋር ታስራለህ፣ ፕሮቡ ሲከሽፍ ከርነሉ ከኋላ ወደ ፊት ራሱ ይለቃቸዋል። በ2023 ደግሞ ጋርድ የሚባለው ማክሮ መጣ፤ ከፈንክሽኑ በየት በኩል ብትወጣ ሎኩ (ሁለት ሥራ አንድ ዳታ በአንዴ እንዳይነካ የሚከለክለው) ይለቀቃል። ጎቱ ገና በየቦታው መኖሩ የልማድ ጉዳይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትርፉ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ አንድ የዩኤስቢ ዴቫይስ እንውሰድ። ድራይቨሩ ስትራክቱን (የራሱን ዳታ የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ) በዴቭኤም ይዟል፣ አንድ ፕሮግራም ደግሞ የዴቫይሱን ፋይል ከፍቷል። ገመዱ ተነቀለ። ሪሙቭ ይጠራል፣ ዴቭኤምም ሥራውን ሠርቶ ስትራክቱን ይለቃል። ፋይሉ ግን አልተዘጋም! ፕሮግራሙ ቀጥሎ ሪድ ሲያደርግ ድራይቨሩ የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካል። ዕድል ከቀናህ ከርነሉ ወዲያው ይጮሃል፤ ካልቀናህ ዝም ብሎ የሌላውን ዳታ ያበላሻል። እኔ ይህን አንዴ ሦስት ቀን ፈልጌዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የዴቫይሱና የፋይሉ ዕድሜ አንድ ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

በሲ መፍትሔው ይታወቃል፦ ስትራክቱን ስንት እንደሚጠቀምበት በኬሬፍ መቁጠር፣ «ዴቫይሱ ሄዷል» የሚል ምልክት ማስቀመጥ፣ በየመግቢያው በሎክ ሥር ምልክቱን ማየት። አንዱን መግቢያ ብትረሳ ግን ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። በራስት ሬጅስተሮቹ (ድራይቨሩ ሃርድዌሩን የሚያዝባቸው ቦታዎች) ዴቭሬስ በሚባል ታይፕ ተጠቅልለው ይሰጡሃል። ለመንካት ፈቃድ ትጠይቃለህ፤ ዴቫይሱ ከተነቀለ መልሱ «የለም» ነው፣ ያንን መልስ ደግሞ ሳታየው ማለፍ አትችልም።

ጥያቄ፦ ከከርነል ውጭ በዩዘርስፔስ ብጽፈውስ? ለዚህ የተሠራው ዩአይኦ አለ አይደል?

መልስ፦ አለ፣ እሱም ከ2007 ጀምሮ። ሬጅስተሩን በኤምማፕ (ወደ ፕሮግራምህ ሜሞሪ በማምጣት) ታገኛለህ፤ ፋይሉን ሪድ ስታደርግ ኢንተራፕት እስኪመጣ ያቆይህና 4 ባይት፣ ማለትም የኢንተራፕቱን ቆጠራ፣ ይመልስልሃል። ለቀላል ካርድ እስካሁን አይናቅም። ዲኤምኤ (ዴቫይሱ ሜሞሪውን ራሱ በቀጥታ የሚነካበት መንገድ) ካለበት ግን ቪኤፍአይኦ የሚባለውን ተጠቀም፤ እሱ ዴቫይሱ የተፈቀደለትን ሜሞሪ ብቻ እንዲነካ በአይኦኤምኤምዩ (የዴቫይሱን የሜሞሪ መዳረሻ በሚቆጣጠረው ሃርድዌር) ያጥረዋል።

ጥያቄ፦ በሲ የተጻፈና የሚሠራ ድራይቨር አለኝ። በራስት ልጻፈው ወይስ ልተወው? አዲስ ሥራም ሊመጣልኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚሠራውን አትንኪው። ለአዲሱ ግን የምትፈልጊው ሰብሲስተም (እንደ ዩኤስቢ ወይም ኔትወርክ ያለ የከርነሉ ክፍል) የራስት ሽፋን እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጪ። ከሌለው ሽፋኑን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ ያ ደግሞ ከድራይቨሩ ይበልጥ ሊረዝም ይችላል፣ የሰብሲስተሙን ሜንተይነር (ኮዱን የሚቀበለውን ኃላፊ) ማሳመኑም ሳይቆጠር።