የተቀባ የቤት ዕቃና የወቅቱ ቅርንጫፍ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ባለብሩሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ የቤት ዕቃ መቀባት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አካሄዴን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዕቃው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀለም ይዞ ይቆማል። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ግን ከወቅቱ ጋር ይቀያየራል፤ አንዴ ያበበ ቅርንጫፍ፣ አንዴ የደረቀ ሣር፣ አንዴ የጥድ ፍሬ። ዛሬ ሰፊ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቀለም ተላጠብን የምትሉ፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንዳጠባችሁትና ምን እንደቀባችሁት አብራችሁ ጻፉ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ የእናቴን ኮመዲኖ ነጭ ቀባሁት። እንጨቱ ቀይ ነው፣ ማሆጋኒ ይመስለኛል። በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌዋለሁ፣ ፕላስቲክ ቀለም ሦስት ጊዜ ደርቤበታለሁ። ግን በነጋ ቁጥር ሮዝ ሮዝ የሚል እድፍ ይወጣል። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆን?

ባለብሩሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ተባረኪ። ቀለምሽ ምንም አልሆነም። እድፉ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው። ታኒን ይባላል። ሻይ ሲጠነክር ምላስ የሚያደርቀው ያው ታኒን ነው። ማሆጋኒና ኦክ በብዛት አላቸው። ታኒን በውሃ ይሟሟል። ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ውሃ አለው። ስለዚህ አዲስ ቀለም በደረብሽ ቁጥር ውሃው ወደ እንጨቱ ይዘልቃል፣ ታኒኑን ያሟሟዋል፣ ሲደርቅም ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። በአሮጌ ዕቃ ላይ ደግሞ ድሮ የተቀባው ቀይ ማቅለሚያም አብሮ ይመጣል። አሥር ጊዜ ብትደርቢም ያው ነው።

መድኃኒቱ ሼላክ ያለበት ፕራይመር ነው፤ ፕራይመር ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ነው። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ የሚሟሟውም በውሃ ሳይሆን በአልኮል ነው። ለዚህ ነው ታኒኑን ቆልፎ የሚያስቀረው። ያለውን ቀለም መላጥ አያስፈልግሽም። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ ፈትጊው፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ሼላኩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ቶሎ ይደርቃል፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ነጩን ድገሚበት። መስኮት ክፈቺ፤ ሽታው ይከብዳል፣ እሳትም አይወድም።

የጥድ እንጨት ያላችሁም ስሙ። የእንጨቱ ዓይን፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ያ ክብ ቦታ፣ ሙጫ አለው። ነጭ ከቀባችሁት ከወራት በኋላ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። እሱንም ሼላክ ነው የሚይዘው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ መሳቢያው ውስጥ ባልተቀባ ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙ። ጨርቁ ከቀላ ወይም ቡኒ ካለ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ሰሚር፦ የትኛው ቀለም ይሻላል?

ባለብሩሽ፦ ለምን ዕቃ? ለወንበር? ለመደርደሪያ? አስተካክለህ ጠይቀኝ።

ቅጠል ወዳድ፦ ጋሽ ባለብሩሽ፣ እኔ ጥያቄዬ ስለ ቅርንጫፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቆርጬ ቡፌው ላይ አስቀምጣለሁ። በሳምንቱ ይደርቅና ሲነካ እንክት ይላል። ወለሉ በሙሉ ቅጠል ነው። ለስላሳ ሆኖ የሚቆይበት ዘዴ አለ?

ባለብሩሽ፦ አለ። ግሊሰሪን። አንድ እጅ ግሊሰሪን ከሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ጋር ቀላቅይ። የቅርንጫፉን ጫፍ በሰያፍ ቆርጠሽ፣ ወፍራም ከሆነ በመዶሻ ቀጥቀጥ አድርገሽ፣ አራት ጣት ያህል ንከሪው። ቅርንጫፉ ውሃውን ሲጠጣ ግሊሰሪኑም አብሮ ይገባል። ውሃው ይተናል፣ ግሊሰሪኑ ግን ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ቅጠሉ እንደ ቆዳ ሲተጣጠፍ በቅቷል ማለት ነው። ቀለሙ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። የግድ ትኩስና የጎለመሰ ቅጠል ይሁን። ለጋ ቅጠል ይጠወልጋል፣ የደረቀ ደግሞ አይጠጣም።

አበባ ከሆነ ሌላ ነው። በትንንሽ እቅፍ አስረሽ ቁልቁል ስቀዪው። ጨለማና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል።

ትዕግሥት፦ ቀለሜ ተላጠ። ምን ላድርግ?

ባለብሩሽ፦ ከምን የተሠራ ነው? በምን ታጠበ? ምን ተቀባ? መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ ቡፌ በውሃ ቀለም ቀባሁ። በሁለተኛው ቀን እጄን ሳሳርፍበት ደረቅ ነው። የአበባ ማስቀመጫ አኖርኩበት። ትናንት ሳነሳው ቀለሙን ክብ አድርጎ ገንጥሎት ተነሳ። እንጨቱ ታጥቧል፣ ተፈትጓል፣ ፕራይመርም አለው። ምን አጠፋሁ?

ባለብሩሽ፦ ያጠፋኸው ቸኩለህ ነው። ይቺን ሰው ሁሉ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። መድረቅና መጠንከር ለየቅል ናቸው። መድረቅ ማለት ውሃው ተነነ ማለት ነው፤ ሰዓታት ይበቁታል። መጠንከር ግን ቀለሙ ውስጡ ተያይዞ አንድ አካል የሚሆንበት ነው። ውሃ ነክ የዕንጨት ቀለም እስኪጠነክር እስከ 30 ቀን ሊፈጅ ይችላል። አየሩ ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። ወፍራም አድርገህ ከቀባኸው ይብስበታል፤ ላዩ ቆዳ ይሠራና ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ራሴን ያስተማረኝ ዘዴ ይኸው። ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ በእግሩ ውስጠኛ ጎን፣ ጥፍርህን ተጫን። ምልክት ከቀረ ገና ነው። ካልቀረ አስቀምጥበት። እስከዚያ ድረስ ቀላል ነገር ብቻ፣ ያውም ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ለጥፈህ። ላስቲክ ነገር ከሥሩ እንዳታደርግ፣ ላስቲክ ቀለም ላይ ይጣበቃል። መሳቢያዎቹንም ለጥቂት ቀን ገርበብ አድርገህ ተዋቸው።

ያን ክብ ቦታ በ120 ጀምረህ በ220 ጨርሰው፣ ጠርዙን አለስልሰህ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባው። ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አናጺው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ግን አልስማማም። ማሆጋኒና ኦክ ነጭ መቀባት ግፍ ነው። ያ እንጨት እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት ቆሟል። ቫርኒሽ አድርጎ መስመሩን ማሳየት እያለ ለምን ይሸፈናል?

ቅጠል ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም ዕቃ እኮ ሙዚየም አይገባም። የኔ ቁምሳጥን አሥር ዓመት ጋራዥ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ተቀብቶ ነው ሰው ያየው።

አናጺው፦ ቁምሳጥንሽ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ ከሆነ ቀቢው። እኔ የምለው ስለ ሙሉ እንጨት ነው።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ ታዲያ የተቃጠለና የተጫረ እንጨትስ? መስመሩ ምን ይታያል?

አናጺው፦ ይፈተጋል! ሁሉም ነገር በቀለም አይሸፈንም።

ባለብሩሽ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ጥያቄ እየጠበቀ ነው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። እንጨቱ ሙሉ ሆኖ ላዩ ጤነኛ ከሆነ፣ አልቀባውም። ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት ከተነሳ፣ ወይም ፈትገህ ፈትገህ ሥሩ ያለው ቺፑድ ከታየ፣ ቀለም ነው የሚያድነው። ለሚያመነታ ሰው ደግሞ፣ ከቀለሙ በፊት ሼላክ ይቀባ። ቀለሙ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ አይገባም። ነገ ልጅህ እንጨቱን ማየት ብትፈልግ በቀላሉ ይነሳላታል። አናጺው፣ ይህን አንተም የምትወደው ይመስለኛል።

አናጺው፦ ይሄንን እቀበላለሁ።

ሰሚር፦ ለወንበር ነው። የትኛው ቀለም ይሻላል?

ባለብሩሽ፦ አሁን ገባኝ። ለወንበር ውሃ ነክ ኢናሜል፣ ሲደርቅ ላዩ የሚጠነክር ቀለም፣ ቀባ። የግድግዳ ቀለም ወንበር ላይ አይቆይም፣ ሱሪ ይበላዋል። ነጭ ከፈለግህ ከዘይት ቀለም ራቅ፣ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል። ዘይት ነክ ቫርኒሽም በነጭ ላይ እንደዚያው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከአያቶቻችን የቀረ የሕፃን አልጋ አለ። ቀለሙ እየተላጠ ነው። ፈትጌ ለልጄ ልቀባው ነው። አረንጓዴ ያምራል ወይስ ክሬም?

ባለብሩሽ፦ እህቴ፣ ስለ ቀለሙ ምርጫ ቆይ። ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጪ። አሮጌ ቀለም እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በጣም የዘገዩ አገሮች ብዙ ናቸው። ሲፈተግ አቧራው ይበናል። ወለል ላይ ያርፋል፣ ልጅ ወለል ነክታ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ አያሳስብም የሚባል መጠን የለውም። ልጆች አልጋ ደግሞ ጠርዙን ይነክሳሉ። መመርመሪያ አለ፣ መጀመሪያ አስመርምሪው። እርሳስ ከተገኘበት ለሕፃን አይሆንም፣ ቀብተሽ ብትሸፍኚውም። ደረቁን መፈተግ በፍጹም።

ለሌሎቻችሁም ሳልረሳ፦ በተልባ ዘይት የነከረ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተጠቅልሎ ከቆየ ክብሪት ሳይነካው ይነድዳል። ዘርጉት፣ ውጪ ለብቻው ይድረቅ።

ትዕግሥት፦ ጋሼ ቀለሜ ተላጠ አልኩ እኮ። ቡናማ መደርደሪያ ነው።

ባለብሩሽ፦ ቡናማ ቀለሙ ነው፣ ዕቃው አይደለም። ጥፍርሽን ጫፉ ላይ ሳቢ። ላዩ ለስላሳ፣ የሚያንሸራትት ከሆነ ፎርማይካ ነው። ፎርማይካ ላይ ቀለም ዝም ብሎ አይይዝም። በሳሙና አጥበሽ ቅባቱን አስለቅቂ፣ ከዚያ ፈትጊ፣ ከዚያ ለለስላሳ ነገር የተሠራ ፕራይመር። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ሳታጥቢ ከፈተግሽ ቅባቱን በጭረቱ ውስጥ ነው የምትቀብሪው።

ትዕግሥት፦ አላጠብኩትም ነበር።

ባለብሩሽ፦ ተገኘ።

ጀማሪዋ፦ የጥድ ፍሬ ሰብስቤ ኮመዲኖው ላይ ላስቀምጥ አስቤ ነበር። ትንንሽ ነፍሳት ወጡበት።

ባለብሩሽ፦ ምድጃ ውስጥ 95 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። በፎይል ላይ አድርጊ፣ ሙጫው ይቀልጣል። ጥለሽው እንዳትሄጂ። ነፍሳቱ ይሞታሉ፣ የተዘጋውም ይከፈታል። ሲረጥብ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል፤ ተፈጥሮው ነው።

ቅጠል ወዳድ፦ ድመት አለችኝ። ሊሊ አበባ ላስቀምጥ?

ባለብሩሽ፦ አይሆንም። ብናኙን ከፀጉሯ ብትልስ እንኳ ኩላሊቷ ይጎዳል። ደረቅ ሣር ይሁንልሽ። ከሻማ ግን አርቂው።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ ለቡፌው ምን ቀለም ልምረጥ? ወቅት ሲቀያየር ሁሉም ቅርንጫፍ እንዲያምርበት።

ባለብሩሽ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ቅጠል ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የወይራን ቅጠል ውሰድ። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው ግን አመድ የመሰለ ብርማ ነው። ያ የጀርባው ቀለም ነው ለዕቃ የሚሆነው። አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይደምቅበታል፣ ቡኒ ሣርም ይሞቅበታል፣ ቀይ ፍሬም ይጮህበታል። ደማቅ ቀለም ግን ከአንዱ ወቅት ጋር ብቻ ይስማማል፣ በሌላው ጊዜ ቅርንጫፉን ይጋፋዋል። ናሙናውን ትልቅ ወረቀት ላይ ቀብተህ ጠዋትም ማታም እየው። ቅርንጫፉን አጠገቡ አስደግፈው።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ያሉኝን ሞከርኩ። መሳቢያው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ያዝኩበት። ደም የነካው መሰለ።

ባለብሩሽ፦ በይ ሼላኩን ዛሬ ቀቢ። ነጩን ነገ። ከነገ ወዲያ ጠዋት በቀን ብርሃን እይውና ንገሪኝ።