ኬጂ ሲገቡ ስለ ልጃችሁ ምን ትናገራላችሁ?

ምዝገባ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ለትምህርት ቤቱ የትኛውን ልናገር፣ የትኛውን ልተው?

«ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመቱ ላይ ሁለት ጊዜ ትኩሳት ሲይዘው አንቀጥቅጦት ራሱን ስቷል። ሐኪሙ ትኩሳቱ ያመጣው ነው ብሎናል። ብናገር ‹የሚጥል በሽታ አለበት› ብለው እንዳያገሉት ፈራሁ።» (እናት፣ ከአዳማ)

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል፤ ግን ንገሪያቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ትኩሳት እንዲህ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ከሚጥል በሽታ የተለየ ነው። ሊደገም ስለሚችል ግን ያን ጊዜ አጠገቡ ያለችው መምህሯ ልትሆን ትችላለች። ካላወቀች ትደነግጣለች፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ ትከታለች፣ ክብሪት ጭራ ታሸተዋለች። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት፦ በጎኑ ታስተኛው፣ የልብሱን አንገት ታላላ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት፣ ሰዓት ትያዝ። 5 ደቂቃ ካለፈ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ቶሎ ቢቆምም በዕለቱ ሐኪም ይየው። የሐኪሙ ወረቀት ካለሽ ኮፒውን ጨምሪበት፤ ወሬ ያስቀራል።

«የልጄ የክትባት ካርድ ቤት ስንቀይር ጠፋ። ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ አይበቃም?» (አባት፣ ከባሕር ዳር)

አይበቃም። ያ ጠባሳ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ነው፤ ስለ ኩፍኝ ምንም አይናገርም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። የተከተበችበት ጤና ጣቢያ ሄደው መዝገቡን ያስፈልጉ። ካልተገኘም ባለሙያው ምን መከተብ እንዳለባት ይነግርዎታል።

«ዴይኬር ከገባ ወዲህ ጉንፋን አልለቀው አለ።» (እናት፣ ከሐዋሳ)

በመጀመሪያው ዓመት የተለመደ ነው። ከሌላ ጊዜ የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጪው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳታሳድሪ ውሰጂው።

«ዓረብ አገር ስሠራ ልጄን ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ ገጠር። አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ አምጥቼ ኬጂ አስገባኋት። ቀኑን ሙሉ ቃል አይወጣትም። መምህሯ ‹ትመርመር› አለችኝ። ጥያት እንደሄድኩ እንዳይቆጠርብኝ አያቷ ጋ ማደጓን አልነገርኩም።»

ለእሷ ብለሽ ነው የተሰደድሽው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። መምህሯ ግን ይህን ሳታውቅ ዝምታዋን በሽታ ብትለው አይፈረድባትም። የዚህች ልጅ ቤት፣ ሰፈር፣ አቅፋት የምታስተኛት ሰው ሁሉ ባንዴ ተቀይሮባታል። ለመምህሯ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። ሽንቷ ሲመጣ ምን እንደምትል፣ ስትከፋ በምን እንደምትባበል፣ ከሰዓት መተኛት ለምዳ እንደሆነ ሁሉ ንገሪያት። ቤት ውስጥ ወይም ከአያቷ ጋር በስልክ በደንብ የምታወራ ከሆነ ጊዜ ስጧት፤ «ተናገሪ» እያላችሁ አታስጨንቋት። ከአንድ ወር በላይ ክፍል ውስጥ ጭራሽ ካልተናገረች ወይም ቤትም ዝም ካለች፣ ያን ጊዜ ከጆሮዋ ጀምረሽ አስመርምሪያት።