መልስ፦ የ«አጠቃቀም ቅለት» ጥያቄዎቼ ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) 0.48 ሆነብኝ፤ ዳታ እንደገና ልሰብስብ?

አትሰብስቢ። መጀመሪያ የተገለበጠውን ጥያቄ አስተካክዪ።

ከለጠፍሻቸው አራት ጥያቄዎች ሦስተኛውን ተመልከቺው፦ «ሲስተሙን ስጠቀም ግራ እጋባለሁ» ይላል። ሌሎቹ ሦስቱ ስለ ቅለት ሲጠይቁ ይሄ ብቻ ስለ ችግር ይጠይቃል። መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ስለሆነ፣ ሲስተሙ የቀለለው ሰው ለሌሎቹ 5 ሰጥቶ ለዚህ 1 ይሰጣል። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ሶፍትዌሩ ግን መልሶቹ እርስ በርስ የተጋጩ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

1. በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) «ሪኮድ» (መልሶችን በሌላ ቁጥር መተኪያው) ገብተሽ አዲስ ቫሪያብል ፍጠሪ። እያንዳንዱን መልስ ከ6 መቀነስ ነው፦ 1 ወደ 5፣ 2 ወደ 4 እያለ ይሄዳል። የድሮውን ኮለም አትንኪው።

2. አልፋውን በአዲሱ ቫሪያብል እንደገና አስዪ። በተለምዶ 0.70 እና ከዚያ በላይ ተቀባይነት አለው።

3. አሁንም ዝቅ ካለ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ስንት እንደሚሆን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እዪ።

እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቂ። እኔ ለማስተርሴ ስሠራ ቁጥሩ እንዲያምር ብዬ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አወጣሁ። አልፋው ከፍ አለ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «በቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ምኑን ነው የለካኸው?» ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ተመራማሪው ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰዎች ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበሉ የሚያብራራውን ሞዴል (ቲኤኤም) ሲያቀርብ ለአጠቃቀም ቅለት ብቻ 6 ጥያቄዎች ነበሩት። አንድም ጥያቄ ብታወጪ፣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከሐሳቡ አንጻር ለምን እንዳወጣሽው የጥናትሽ ምዕራፍ ሦስት (የጥናት ዘዴው) ላይ ጻፊው። ሪኮድ ማድረግሽንም እዚያው አስፍሪ።