መልስ፦ ስፔን ውስጥ እራት ለምን ይመሻል?

"ማድሪድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እራት ፈልጌ ወጥ ቤቱ ገና አልተከፈተም አሉኝ፤ ምን ይሻለኛል?" ላልከው፦ አይዞህ፣ ያልለመደው ሁሉ የሚገጥመው ነው። እዚያ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት ሰዓቱ ራሱ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1940 ሰዓቷን ከጀርመን ጋር አስተካክላ በዚያው ቀረች። ስለዚህ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትጠልቀው።

እስከ እራት በታፓስ ቆይ። በትንሽ ሳህን የሚመጣ መቆያ ነው። ግራናዳ ከሄድክማ መጠጥ ስታዝ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይመጣልሃል። ሆድህን ግን ለምሳ አስቀምጠው። "ሜኑ ዴል ዲያ" በላቸው፤ በአንድ ዋጋ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ከዚያ ጣፋጭ ወይም ቡና ታገኛለህ።

ለቁርስ እኔ የምወደው የቲማቲሙን ዳቦ ነው። የተጠበሰ ዳቦ ላይ ነጭ ሽንኩርት ታሽበታለህ፣ ግማሽ ቲማቲም ትፈገፍግበታለህ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ጣል ታደርግበታለህ። በቃ። ለጾምም ይሆናል። ሳልሞሬሆ ግን እንዳይሸውድህ! ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ነው ብለህ ስታዝ፣ ላዩ ላይ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ተበትኖበት ይመጣል።