የእንግሊዝ የክልል አማካሪ ቦርድ፦ ለመመረጥ የሚችለው የቱ ርዕሰ መምህር ነው? ጠይቁኝ

ሰላም ሐዋሳዎች! የትምህርት አመራር ማስተርስ ተማሪዎች ስለ እንግሊዙ የክልል አማካሪ ቦርድ የንጽጽር አሳይመንት በውስጥ መስመር አሰልችታችሁኛልና በቃ እዚሁ ጠይቁ። በቅድሚያ ግን እዛ አገር አካዳሚ ሲባል እንደኛ የግል ትምህርት ቤት ማለት አይደለም። በጀቱ ከመንግሥት ነው፣ ወላጅ አይከፍልም፣ ብቻ ከአካባቢው ምክር ቤት እጅ ወጥቶ በትረስት፣ ማለትም ለትርፍ ባልቆመ አስተዳዳሪ ድርጅት፣ ነው የሚተዳደረው። ይሄን ያልያዘ አይጠይቀኝ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ማንኛውም ርዕሰ መምህር መወዳደር ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ምርጫው የአካዳሚዎች ነው። ምክር ቤት ስር ያለ ትምህርት ቤት እየመራ 30 ዓመት ቢያገለግልም አይወዳደርም፣ ድምፅም አይሰጥም። ምክንያቱም ቦርዱ የሚመክረው አካዳሚ ስለመክፈት፣ ወደ አካዳሚ ስለመለወጥ፣ ከአንዱ ትረስት ወደ ሌላው ስለማዛወር ነው።

አሞራ ገደል፦ ስንት ሰው ነው የሚመረጠው?

መልስ፦ በፈረንጆች 2014 ሲጀመር በ8ቱም ክልሎች 4፣ 4። ሌሎቹ ተሹመው ነው የሚገቡት። በ2022 ክልሎቹ 9 ሆነዋል።

ሜሪ፦ ስለዚህ የግሎቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ሜሪዬ ከላይ አንብቢ እስቲ። የግል አይደለም!!

ቢኒ የፒያሳው፦ እሷ ምን ታድርግ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ አካዳሚ ብሎ የለጠፈ ሁሉ ክፍያ በየዓመቱ ይጨምርብናል እኮ

የታቦር ልጅ፦ ቢኒ የመምህር ደሞዝ ከየት ይምጣ ታዲያ?

ቢኒ የፒያሳው፦ መምህሩ ጋ ቢደርስማ ምን አልኩ

መልስ፦ እሱን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ራሄል፦ ጋሼ፣ የተመረጠው ርዕሰ መምህር የጎረቤቱን ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲያይ አድልዎ አይመጣም?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ይሄ ነው። አባል የሆነ ሰው ያለውን ጥቅምና ዝምድና ያስመዘግባል፣ መዝገቡም ለሕዝብ ይወጣል፣ የሚነካው አጀንዳ ሲመጣ ገለል ይላል። ቦርዱ ደግሞ ይመክራል እንጂ አይወስንም፣ ውሳኔው በሚኒስትሩ ስም የክልሉ ኃላፊ ነው። እኔ ድሮ ርዕሰ መምህር ሆኜ የአንድ ቦርድ ጸሐፊ ነበርኩ፣ አንድ ቀን አጀንዳ 3 የኔው ትምህርት ቤት የጣሪያ ጥገና ሆኖ መጣ፣ ማንም ውጣ አላለኝም፣ ቁጭ ብዬ ተከራከርኩ፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት ራሴ፣ መጀመሪያ የፈረምኩትም ራሴ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ወንበር አጥተው መሬት ላይ የሚማሩ ልጆች ያሉበት የጎረቤት ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ተገፋ፣ የነሱ ርዕሰ መምህር እዛ ስላልነበረ። እስካሁን ያቺ ፊርማ ትከነክነኛለች። አሳይመንታችሁ ላይ ማን ተመረጠ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማን ከክፍሉ ወጣ የሚለውንም ጻፉ።

አሞራ ገደል፦ ለመወዳደር የትምህርት ቤቱ የኢንስፔክሽን ውጤትስ ይታያል?

መልስ፦ ውጤት ስትጠቅሱ የመቼ እንደሆነ ተጠንቀቁ፣ ኦፍስቴድ (የእንግሊዝ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት) በፈረንጆች ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቃል አጠቃላይ ደረጃ መስጠት አቁሟል። የቆየ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ዛሬም እንዲህ ነው እንዳትሉ።

ዳጊ፦ ስለ ቦርዱ ሁሉንም አስረዳኝ

መልስ፦ ዳጊ፣ «ሁሉንም» ጥያቄ አይደለም።

ሳሚ፦ ጋሼ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት፣ እነዚህ አካዳሚዎች ወርሃዊ ክፍያቸው ስንት ነው?

መልስ፦ ለዛሬ በቃኝ፣ ደህና እደሩ።